ካፖርቴን የምታውቅ መኪና

ለምወድሽ እህቴ፣ ደቅ ደሴት ላለሽው

ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ዳጉሳው ታጨደ? የሐይቁ ማዕበልስ ጋብ አለ? እንዲህ ያለው ጥያቄ አሁን እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ ደብዳቤ በሌላ መጀመር ግን አልተማርሁም። የእኔን ጤና የጠየቅሽ እንደሆነ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ደህና ነኝ ብዬ በጽሑፍ አልዋሽሽም። በስልክ የዋሸሁሽ ይበቃል። ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ ነው ብዕር ያነሣሁ። “ክንዱ ከባጃጁ ወድቆ ነው” ያልሁሽ ሐሰት ነው። ልጅሽ ክንዱ አልወደቀም፣ ተደበደበ እንጂ። በመጀመሪያ የመታውም እኔ ነኝ።

እባክሽ አትቅደጂው። እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ልጄ ምሥጋና የገዛችልኝን መኪና አላየሻትም። ደቅ መኪና የለ፣ በምን ላስረዳሽ? ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የላትም። ቁልፏ የባቄላ እሸት የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ ናት። እሷ ኪስሽ ውስጥ ካለች በሩን ገና ስትነኪው ይከፈታል፤ አንድ ነገር ጫን ስታደርጊ ትነሣለች። በመብራት ነው የምትሄድ፣ ድምፅ እንኳ የላት። ስትናገር በቻይንኛ ነው፤ ስትቆጣኝ በምን እንደ ተቆጣች ሳላውቅ ይቅርታ እላታለሁ። ጌታዋን አታውቅም፤ የምታውቀው ያቺ ፕላስቲክ ያለችበትን ካፖርት ነው።

ዘንድሮ ደግሞ በከተማው እንዲህ ያሉትን መኪኖች የሚወስዱ ሌቦች መጡ። ቁልፉ ቤት ውስጥ እንዳለ፣ እነሱ ግድግዳው ሥር መሣሪያ ይዘው ይቆሙና መኪናውን ያታልሉታል አሉ። መስታወት አይሰበር፣ ውሻ አይጮኽ። የጎረቤቴ እንዲህ ሄደች። እኔም ቁልፌን በወተት ዱቄት ጣሳ ከድኜ ማሳደር ጀመርሁ። ሰው ሁሉ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ እንኳ “ያን ሌባ ባገኘው!” እንባባል ነበር። እኔም ብያለሁ፣ ጸበሉ ከከንፈሬ ሳይደርቅ።

ክንዱ መኪናዋን ለምኖኝ ነበር። “ጋሼ፣ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ከማረጅ ይችን ልንዳልዎ፣ ትርፏን እኩል” አለኝ። እንቢ አልሁት። “መኪናዋም አብራዎት ጡረታ ወጣች እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ሰው ፊት ነበርና ሁሉም ሳቁ። ያንን ሳቅ ለንስሐ አባቴ ሳልናዘዘው ይዤው ከረምሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው ጸበል ሄድሁ። ለመጠመቅ ልብስ ይወልቃልና ካፖርቴን ከነቁልፉ አጥሩ ላይ ሰቀልሁት። መኪናይቱ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ጣሳ ከድኜ የማሳድረውን ቁልፍ እዚያ ራሴ ሰቅዬላቸው ገባሁ፤ አላሰብሁትም።

ጸበሉ ራሴ ላይ እየወረደ “ሌባ! ሌባ! መኪና ሊወስድ ነው!” የሚል ጩኸት ሰማሁ። ሁለት የማላውቃቸው ጎልማሶች ናቸው የሚጮኹ። እንደ ረጠብሁ ካፖርቴን ደርቤ፣ ከዘራዬን ይዤ ሮጥሁ። ሰው ከኋላዬ ጎረፈ። አንድ ሰው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ በሩን ቆልፎታል። ሌላው ሰው እጀታውን ቢጎትት ቢጎትት እንቢ አለ። እኔ ስነካው ተከፈተ። ካፖርቱን ለብሻለኋ።

ጭንቅላቱን መታሁት። ደሙ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ዞር ብሎ አየኝና “ጋሼ፣ እኔ ነኝ” አለ።

ለሰው ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት፣ ያውም ሳላውቀው ነው ብያለሁ። ለአንቺ ግን እውነቱን ልጻፍ። ድምፁንም ፊቱንም ከለየሁ በኋላ ደግሜ መታሁት። “አሁንም ሳቅ!” አልሁት። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ፣ ተደግፈው ይሂዱ ብሎ ከደቅ ቆርጦ ባመጣልኝ በዚያ በወይራው ከዘራ።

ከዚያ ጎትተው አወጡት። በድንጋይ፣ በታንኳ መቅዘፊያ፣ በእርግጫ። ጥርሱ ሲሰበር ሰምቻለሁ። “ተዉት፣ የእህቴ ልጅ ነው” ብል ያበቃ ነበር። የሌባ አጎት እባላለሁ ብዬ ዝም አልሁ።

ሰውን እየገፈተረች የገባች ዓሣ ሻጯ ወለላ ናት። “እናንተ አረመኔዎች! ሌቦቹማ የጮኹት ናቸው!” አለች። ዞር ብንል ሁለቱ በሞተር ሄደዋል። እሷ ሁሉን አይታለች። ሰዎቹ በሩን ከፍተው ሲገቡ ክንዱ ባጃጁን ጥሎ ደረሰባቸው፤ ታግሎ አወጣቸው፤ ተመልሰው እንዳይወስዷት ገብቶ ቆለፈ። “እትዬ ወለላ፣ የጋሼ ናት፤ ተጠምቀው እስኪወጡ ልጠብቅላቸው” ብሏታል።

ሆስፒታል ከራስጌው ተቀምጬ ዳዊት ደገምሁለት። ዓይኑን አልገለጠም። ሐሙስ ማለዳ ዳዊቱን አጠፍሁት።

መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ስለዚህ ያቺን ቃል አልጽፋትም። አባ ገብረ መስቀል ከዘመዶቻችን ጋር በጀልባ ይሻገራሉ፣ ገና ጎህ ሲቀድ በርሽን ያንኳኳሉ። ይህን ደብዳቤ ከዚያ በኋላ እንዲሰጡሽ አደራ ብያቸዋለሁ። ከእነሱ መካከል ብትፈልጊኝ አታገኝኝም። በርሽ ላይ ልቆም አይገባኝም። ይቅር በይኝም አልልሽም። ልጇን በመስቀል ሥር ቆማ ያየች እመቤት እሷ ትደግፍሽ፤ እግዚአብሔር ጽናቱን ይስጥሽ።

ይህን የመጨረሻውን የምጽፍልሽ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው፤ አባ ደብዳቤውን ሊቀበሉኝ ደጅ ቆመዋል። ተረኛው “አባባ፣ መኪና ተሰርቆብዎ ነው?” አለኝ። “አልተሰረቀችም። ሁለት ጊዜ መታሁት፣ ሁለተኛውን አውቄ ነው” አልሁት። ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምሁለት። ጫፉን አላጠብሁትም።

ወንድምሽ