ስድስት በግ ቁጠር

ለልጄ ለሚርላን፣

ጤናህ እንዴት ነው? የጀርባህ ሕመም ተወህ? በሰው አገር የምታድርበት ክፍል ይሞቃል? አብረውህ የሚኖሩት ኩባትና ኤርኪን ደኅና ናቸው? እኛ ደኅና ነን። ላሚቱ ወልዳለች፣ ጣሪያውም አያፈስም፤ የእኔ ዓይን ግን ከአምናው ብሷል። ደኅና ነን ብልህም ሁሉን አልነገርኩህም። በስልክ ብነግርህ ስለምትስቅ ወረቀት አነሳሁ።

ሚስትህን ኑርዛትን መኪና መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና መሪ የያዝኩት ሌሎቹን እያየሁ ነው። ለእሷ መጀመሪያ ያሳየኋት ማርሽ ሳይሆን ርቀት ነው። ከፊትሽ ያለው መኪና የመንገዱን ዳር ምሰሶ ሲያልፍ፣ በግ በረት ስናስገባ እንደምንቆጥረው ቁጠሪ አልኳት፤ አንድ በግ፣ ሁለት በግ፣ ሦስት በግ። ሦስት ሳትሞዪ ምሰሶው ጋ ከደረስሽ ተጠግተሻል። በረዶ ላይ ደግሞ ስድስት። ስድስት እስክቆጥር እኮ አገር ሁሉ ይቀድመኛል አባባ አለችኝ። ይቅደምሽ አልኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን ቶክቶሱን የወንድሙን ልጅ ስለሚድር፣ ሙሽራይቱን ለማምጣት በዘጠኝ መኪና ተራራውን ተሻገርን። ኑርዛት መንጃ ፈቃድ ካወጣች ወር አልሞላትም። እኔ አጠገቧ፣ ልጅህ ሜሪም ከኋላ ነበርን። ታውቀዋለህ፣ ከሙሽራ መኪኖች መካከል ባዕድ መኪና ከገባ ትዳሩን ይቆርጠዋል ተብሎ አንዱ የሌላውን ጭራ ይዞ ነው የሚነዳው። ስንመለስ ሙሽራይቱ የመጀመሪያው መኪና ውስጥ ናት፣ እኛ አራተኛ ነን። ኑርዛት ስድስቷን ስትቆጥር፣ በተወችው ክፍተት አንድ ከሰል የጫነ መኪና ጥልቅ አለ። ከኋላችን ያሉት ክላክሳቸውን አስጮኹት።

ተራራው አናት ላይ ለእረፍት ስንቆም የከሰሉ መኪና ሄደ፤ ቶክቶሱን ግን መጥቶ መስኮታችንን ደበደበ። ጋሽ ሳታርኩል፣ ሙሽራ ነው የምናጅበው ወይስ ሬሳ አለኝ። ምራትህ ከፈራች በአህያ ትምጣ፤ ይህ ትዳር ከፈረሰ ካንተ ራስ አልወርድም አለ። ሰዎቹ ሳቁ።

አሁን የምጽፍልህን ለማንም አልተናገርኩም። አፍሬ ወደ ኑርዛት ዞርኩና፣ በይ ተጠጊ አልኳት። እኔው ነኝ ያልኳት።

እሺ አባባ አለች። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን እናትና ልጅ በሹክሹክታ ሲቆጥሩ ሰማሁ፤ አራት በግ፣ አምስት በግ። ተጠጊ ብያለሁ ብዬ ጮኽኩባት። መቁጠሯን አልተወችም። ቤታችን ከገባች ጀምሮ ትእዛዜን ስትተው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ፈረሶች መንገዱን ሞልተውታል። የፊተኛው መኪና ፍሬን ያዘ፣ ሁለተኛው ገጨው፣ ሦስተኛው ተሽከርክሮ አንድ ጎማው ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። የእኛ ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ ሦስተኛውን ሊገጭ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ከኋላችን ያለው ሊጨፈልቀን ሲል በረዶ ክምር ውስጥ ተቀረቀረ። የሞተ የለም። ሁለተኛው መኪና ውስጥ የነበረው ቶክቶሱን እግሩ ተሰብሯል፣ የሙሽራይቱ ግንባር ተሰፍቷል። ሁሉም መኪና እንደቆመ ሜሪም፣ አያቴ፣ ሰባት ልበል ወይስ ይብቃ አለችኝ።

ኑርዛትን ይቅርታ አልጠየቅኳትም፤ የመኪናውን ቁልፍ ግን ከኪሴ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ።

አንተ በዚህ ወር መጨረሻ ለአዲስ ዓመት በአምስት መኪና ተያይዘን እንመጣለን፣ በምናቋርጠው የካዛክ ሜዳ በረዶ ላይ እንዳንጠፋፋ ማናችንም የፊተኛውን የኋላ መብራት አንለቅም ብለኸኝ ነበር። ጎበዝ ብዬህ ነበር፤ ቃሌን ስቤያለሁ። ስድስት በግ ቁጠር። ፈሪ ቢሉህ ይበሉህ። እኔም ናፍቆት ይዞኝ በስልክ ቶሎ ድረስ ካልኩህ፣ ሚስትህ እንዳልሰማችኝ አትስማኝ።

እናትህ ሹራብ ጨርሳልሃለች፣ ትስምሃለች። ኑርዛት ሰላም ትልሃለች፤ ከዚህ ሌላ ያለችኝን ራሷ ትንገርህ። ኩባትን ሰላም በለው፤ ኤርኪንን ደግሞ ይህን ደብዳቤ አስነብበው፣ እሱ ችኩል ነው። ሜሪም በሩ ላይ ቆማ የምትመጡባቸውን መኪኖች ልትቆጥር ነው። አምስት ብላ እንድትጨርስ፣ ዘግይተህ ና።

አባትህ ሳታርኩል
ኮችኮር አጠገብ፣ ዲሴምበር 9 ቀን 2018