ድራፍት የሚለው ቃል እና የሊያን መስኮት

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ሞቃት። ከባሕሩ የመጣው ጭጋግ እስከ ቀትር አልገፈፈም። ልብስ አጥቤ ሰቀልኩ፣ አልደረቀም።

ከሰዓት ቢራ ሻጯ ዲንግ ዘንድ ወረድኩ። በርሜሏን በሩ ላይ አቁማ፣ እንደ ሁልጊዜው ቢራውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ እየቀዳች ትመዝናለች። ሳታስበው የኔን እስከ አፉ ሞላችው… የኔንም፣ የጂያንግንም ድርሻ። ሚዛን ላይ ስታስቀምጠው ነው ትዝ ያላት። ተያየን።

«ልቀንሰው እትዬ ሉዋን?»

«ተይው።»

ቤት ገብቼ ድርሻዬን ጠጣሁ። የሱን ሞከርኩት፣ አልሆነልኝም። ባሌ ጂያንግ ከሞተ ሰባተኛ ወሩ ነው። የቀረውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ጥሩ ቢራ ነበር።

አመሻሽ ላይ ቹ ፌይ ደወለ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ አሁን እንግሊዝኛ ለሚማሩ ሰዎች ድረ ገጽ ከፍቷል።

«መምህር፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ልስጥዎት። ትርጉሙ ብዙ የሆነ። ለእያንዳንዱ ትርጉም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉልኝ። ከኑሮ የተቀዳ ይሁን፣ ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠ አልፈልግም።»

«የትኛው ቃል?»

«ድራፍት።»

እጄ ገና ቢራ ቢራ ይሸታል። ሳቄ መጣ… ከስንት ጊዜ በኋላ?

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

የቢራውን ዓረፍተ ነገር ጨረስኩ። እዚህ ቺንግዳው ውስጥ እሱን የማያውቅ ሕፃን የለም። ረቂቅ ጽሑፍ የሚለውም ቀላል። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚሸመድደው እሱን ነው፣ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አንድ ዓመት ፈተና ላይ ድራፍት ላይ ተቀምጠው ብርድ ስለመታቸው ሽማግሌ የሚል ጥያቄ ወጣ። ግማሹ ክፍል ሽማግሌውን ረቂቅ ጽሑፍ ላይ አስቀምጧቸው አረፈው። በመስኮት ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ መሆኑ የገባት አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ሊያን። የራሴ ልጅ።

«ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትጮሂበት ነፋስ እኮ ነው እማ» አለችኝ ያኔ።

አሁን ጂናን ናት፣ ባሏ አገር። ቀኗ ደርሷል። ሻንጣዬን ከጸደይ ጀምሮ አሰናድቼ አልጋ ሥር አስገብቻለሁ። ትንሿን ብርድ ልብስም ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ነይ መባል ነው።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ወለደች። ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ጋው ነው የደወለው፣ ባሏ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እናቱ ስልኩን ተቀበሉት።

«እንኳን ደስ ያለዎት። እርስዎ ግን እንዳይደክሙ። በዚህ ሙቀት መንገዱ ይከብድዎታል። እኛ እንበቃለን፣ ይረፉ።»

ገባኝ። ባሏ ከሞተ ዓመት ያልሞላት ሴት አራስ ቤት አትገባም። ሐዘኑን ይዛ ነው የምትገባው ይባላል። ጨዋ ሴት ናቸው፣ አትምጪብን አይሉም። ይረፉ አሉ።

እኔስ ምን አልኩ? «እርስዎ ካሉ እኔ ምን ያሳስበኛል! ለነገሩ እዚህ ሥራ ይዣለሁ።»

ሥራ ይዣለሁ… አንድ ቃል።

ሐምሌ 10፣ ረቡዕ

ሊያን በስልክ ታየችኝ። ፊቷ ነጭ፣ ፀጉሯ በጨርቅ ታስሯል። ከኋላዋ መስኮቱ ጥርቅም። በሐምሌ! አራስ ነፋስ እንዳይነካት ነው እንጂ ክፍሉ ምድጃ ነው የሚመስለው።

«እንደዚያም ሆኖ በመስኮቱ ጠርዝ ትንሽ ይገባል» አለች። «ጋው ፕላስተር ለጠፈበት፣ ተላቀቀ።»

«አጥሚት ትጠጫለሽ?»

«እጠጣለሁ።»

«ቡናማ ስኳር ይኑረው። እንቁላሉንም እንዳትተዪ።»

«እሺ። ሥራ በዛብሽ አሉኝ?»

«አዎ።»

«ምን ሥራ?»

«አንድ ቃል።»

ከዚያ «ደህና ነኝ እማ፣ አታስቢ» አለች። እኔም ደህና ነኝ አልኳት። ሕፃኗን አሳየችኝ፣ ጆሮዋ የጂያንግ ነው። አልነገርኳትም። ስልኩ ተዘጋ።

ነይ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ዛሬ የመርከቡን ትርጉም ያዝኩ። ይሄኛውን ከጂያንግ ነው የማውቀው። ሠላሳ ዓመት ወደቡ ላይ ሥራው እሱ ነበር። መርከብ ጎን ላይ ከታች ወደ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ በትንሽ ጀልባ ተጠግቶ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ ያያል። ድራፍት የሚሉት ያንን ነው። ከዚያ ተነስተው ነው ምን ያህል እንደጫነ የሚያውቁት።

አንድ ቀን የዛጎል ሥጋ እየበላን ቢራ ስንጠጣ «ሰው ላይም ቁጥር ቢጻፍበት ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ለምን?»

«ደህና ነኝ ሲሉሽ ጎናቸውን ማየት ነዋ።»

ያኔ ስቄበት ነበር። ረቡዕ ስልኩ ላይ ያየሁት የሊያንን ፊት ብቻ ነው።

መልእክት ልጽፍላት ጀመርኩ። ልምጣ ወይ? ብዬ። አጠፋሁት። ልምጣ ካልኳት እምቢ ማለት ሊያሳፍራት ነው፣ እሺ ብትል ከአማቷ ጋር ልታጣላ ነው። ደግሞ ጀመርኩ… እሱም ቀረ።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ዛሬ ያነጋገርኩት ዲንግን ብቻ ነው። እሷም ያለችኝ «ትንሹን ከረጢት ነው?» ነው።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ቹ ፌይ ዓረፍተ ነገሮቹን አንብቦ ደወለ።

«መምህር፣ ሁሉም ልክ ናቸው። ግን…»

«ግን ምን?»

«አይቆጡኝም?»

«ተናገር እንጂ፣ አሁን ተማሪዬ አይደለህ።»

«ሁሉም ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አነበበልኝ። ቢራ የምትገዛው ሴት፣ ለአንድ ሰው ነው የምትገዛው። ረቂቁ ለልጅ የተጻፈ ነው፣ አልተላከም። የነፋሱ፣ «በመስኮቱ ስንጥቅ ነፋስ ይገባል፣ እናትየው ግን ሩቅ ናት» ይላል። የወታደር ምልመላ በሚለው ትርጉሙ እንኳ ልጁን ለጦር ወስጄ እናቱን ብቻዋን በር ላይ አቁሜያታለሁ። ስጽፈው አንዱም አልታወቀኝም። ከአፉ ስሰማው አፈርኩ።

«ሌላ ልጻፍልህ?»

«አይ፣ ከኑሮ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። በስምዎ ይውጣ?»

ይውጣ አልኩት። ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ደስ የሚል ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ሁላችንም ተሰብስበን ድራፍት ጠጣን። ሁላችን ማን ነን? ሰረዝኩት።

ሐምሌ 20፣ ቅዳሜ

ገጹ ወጥቷል። ከሥሩ ሰዎች ይጠይቃሉ፣ እኔ እመልሳለሁ። ደስ ይላል፣ ክፍል የገባሁ መሰለኝ። አንዱ የአየር ማቀዝቀዣ ነፋስም ድራፍት ይባላል ወይ ይላል። ሌላው በከረጢት የሚሸጠውን ቢራ እንግሊዞች ያውቁታል ወይ ይላል። አያውቁትም፣ ይቅርባቸው አልኩት።

ምሳ ቀርቦ ሳለ ሌላ ጥያቄ መጣ። ስም የለውም።

«መምህር፣ በነፋሱ ዓረፍተ ነገር ያለችው እናት መጥታ መስኮቱን የማትዘጋው ለምንድን ነው?»

የቋንቋ ጥያቄ አይደለም። ግን ጥያቄ ነው፣ መለስኩ። «ሐዘንተኛ ስለሆነች። ዓመቱ አልሞላም፣ አራስ ቤት አትገባም» ብዬ።

ቆይቶ መልሱ መጣ።

«ልጅቷም እኮ ሐዘንተኛ ናት። የሞተው አባቷ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ወዲያው ጮኸ። ሊያን።

«እማ…»

እሷው ቀጠለች።

«መምጣት ያልፈለግሽ መስሎኝ ነበር። ሥራ ይዣለሁ አልሽ።»

«አማትሽ ይረፉ አሉኝ። በሐዘኔ ምክንያት ነው ብዬ…»

«ምን ሐዘን? ወገባቸው ተይዞ አልጋ ላይ ናቸው እኮ! እኔ በወለድኩበት ዕለት ነው የያዛቸው። ለልጃቸው ሚስት አልበቁም እንዳይባሉ አፍረው እንዳትነግሪያት አሉኝ። አጥሚቱን የሚያሳርረው ጋው ነው። ሁሌም ያሳርረዋል።»

«አንቺስ? ለምን ነይ አላልሽኝም?»

«አንቺ ለምን ልምጣ አላልሽም?»

ደህና ነኝ ስትለኝ ደህና ነኝ እያልኳት… በዚህ ዕድሜዬ። ተናድጄ አለቀስኩ። ምሳዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ሐምሌ 21፣ እሑድ

ባቡር ውስጥ ነኝ። ጭንቅላቴ ትንሽ ይዞርብኛል፣ ምክንያቱን ልጻፍ።

ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ዲንግ ያዘችኝ። «ጂናን ላይ እንዲህ ያለ አያገኙም፣ ለልጅዎ አማት» ብላ ትልቁን ከረጢት ሞልታ አስራ ሰጠችኝ። ጣቢያው በር ላይ ጥበቃው አስቆመኝ።

«እናቴ፣ ይህ ባቡር ውስጥ አይገባም።»

«ልድፋው?»

«እንደፈለጉ።»

አሁንስ አልደፋም። ቀጭን የላስቲክ መምጠጫ ለመንኩና ከረጢቱ ላይ ወጋሁበት፣ የከተማችን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ እዚያው ቆሜ ጠጣሁት። የኔንም፣ የጂያንግንም ድርሻ። ጥበቃው መጀመሪያ ፊቱን አዞረ፣ በኋላ ግን ሻንጣዬን ያዘልኝ።

ሐምሌ 22፣ ሰኞ

ትናንት በሩ ሲከፈት እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። ሁሉንም አውቄ እንኳ መግባት አቃተኝ። ጂያንግን ይዤ የምገባ መሰለኝ። ሊያን ከክፍሏ «እማ?» ትላለች። እኔ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልኩ።

የሊያን አማት ወገባቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ግድግዳውን ይዘው፣ ራሳቸው መጡ።

«ምን ይገትርዎታል? ይግቡና ይዝጉት እንጂ፣ ነፋስ አስገቡብን እኮ!» አሉ። ቀጥለው አሸተቱኝ። «ቢራ ጠጥተዋል?»

«የእርስዎን ነው የጠጣሁት።»

ሳቁ ወገባቸውን አሳመማቸው። ገባሁ።

ሊያን ደህና አይደለችም ነበር። ስታቅፈኝ ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ፣ ያኔ ገባኝ። እሺ ጂያንግ፣ ቁጥሩን አየሁት።

አጥሚቱን ሠራሁ። አላረረም። መስኮቱን ዳሰስኩ፣ በግራ ጠርዙ ይገባል፤ የድሮ ካልሲ ጠቅልዬ ሸጎጥኩበት። ለቹ ፌይ ጻፍኩለት፣ የነፋሱን ዓረፍተ ነገር ቀይርልኝ፣ እናትየዋ መጥታለች ብዬ።

ጽሑፌ ቢንጋደድ አይገርምም። ሕፃኗ ጣቴን ይዛ ተኝታለች፣ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።