ጉና ሥር የጠረግሁት ቀለሃ

ሙሉሐብት ወንድሜ፣ እንኳንም አብረኸኝ አልመጣህ!

እዚህ ጉና ተራራ ሥር፣ ገሳይ ከተማ አጠገብ፣ ከድሮው ጦር ሜዳ የተለቀመ የመድፍ ቀለሃ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። የጣሊያን ይሁን የደርግ ጽሑፉን አንብቤ ልለይ ብዬ፣ ቂጡ ላይ የደረቀውን ጭቃ በድንጋይ ቀጠቀጥሁት። ለካ ደወላቸው ኖሯል! መንደሩ በሙሉ «ማን ሞተ?» እያለ አካፋና ዶማውን ይዞ ግልብጥ ብሎ መጣ።

«ኧረ የሞተ የለም፣ ጭቃ ስጠርግ ነው» ብል፣ ቄሰ ገበዙ አባ ይሻው «ሰው ከተሰበሰበ ወዲያ በከንቱ አይበተንም» ብለው የፈረሰውን የቅጥር ካብ ሲያስክቡን ዋሉ። እኛ ሰፈር የመኪና አላርም ሲጮህ ቢያድር መጋረጃ የሚገልጥ አለ?

ጽሕፈቴ የተንጋደደው እጄ ተልጦ ነው። እናትህን እትዬ አበበችን ሳምልኝ። የቀለሃውን ጽሑፍ ሳላነብ መሸ፤ ካቡም ስላላለቀ አባ ይሻው «ልጄ፣ ነገም መጥተህ ጭቃውን ጥረግልን» ብለውኛል።

ምትኩ