የማይሸጠው ሱቅ

ከሚሴ፣ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም.

ለምወድሽ አክስቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አማን ነሽ ወይ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሰሌኖቹን በጋሪ ማስጫን ጀመርሽ ወይስ አሁንም ራሴ ካልተሸከምኩ ትያለሽ? አያቴ አባባስ ደህና ናቸው? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ መብራት እየጠፋ ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን አንቺ ገበያ ውስጥ ስልክ ስታነሺ እየጮህሽ ስለምታወሪ ግማሹ ባቲ አብሮሽ ይሰማል። በዚያ ላይ ነገሩ አፌን የሚያስረኝ ዓይነት ነው። ስለዚህ መሠረተ ትምህርት የተማርሽው ዛሬ ይጥቀምሽ፤ ቀስ ብለሽ፣ ለብቻሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የስልጠናውን ወሬ ልንገርሽ። ልጄ ኢንተርኔት ላይ ሱቅ መክፈት እየተማረች ነው ስትያቸው ጎረቤቶቹ እንደሳቁብሽ ሰምቻለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ገዢው በስልኩ ወይም በኮምፒውተር የሚያየው የሱቁን ፊት ነው፤ አንቺ ሰሌኑን እንደምትዘረጊው ማለት ነው። ስንት ዕቃ እንደቀረና ዋጋው ምን እንደሆነ ግን ከኋላ፣ ዳታቤዝ በሚሉት ቋት ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። በሁለቱ መሀል እየተመላለሰ ጥያቄ የሚያደርስና መልስ የሚያመጣ ፕሮግራም አለ። ደላላ በይው፤ ብቻ ኮሚሽን አይጠይቅም። እኛ የምንማረው እነዚህን ሠርቶ ማገናኘት ነው። ይህ መግቢያው ነው፤ ዋናው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው ይሉናል።

ሁለተኛው ደረጃ የሚገባው ደግሞ በፈተናው ቀን፣ በሰልጣኙ ሁሉ ፊት፣ የሠራው ሱቅ አንድ ዕቃ የሸጠለት ብቻ ነው። አባባ ያሉትን አልረሳሁም። ካላለፈች ወደ ቤቷ ትመለስ፣ ለትዳር የሚጠይቃት አይጠፋም ሲሉ፣ ታልፋለች ብለሽ ቃልሽን የሰጠሽልኝ አንቺ ነሽ። ወላሂ ፈተናውን የፈራሁት ለራሴ ሳይሆን ለቃልሽ ነው። እሺ፣ ለራሴም ነው።

የእኔ ሱቅ የአንቺው ሰሌን መሸጫ ነው። ሌሎቹ ዋጋ ጽፈው ከሥሩ "ግዛ" የሚል ቁልፍ አደረጉ። እኔ ግን አጠገብሽ ተቀምጬ ያደግሁ ነኝ። የመጨረሻ ዋጋውን መጀመሪያ የሚናገር ነጋዴ አይቼ አላውቅምና እጄ እንዴት እሺ ይበለኝ? ስለዚህ ገዢው ራሱ ዋጋ እንዲያቀርብ አደረግሁ። ሱቁ "አይሆንም፣ የሠሪዋ ድካምስ?" ብሎ ይመልስለታል። ገዢው ጨመር ሲያደርግ ሱቁ ትንሽ ይቀንሳል። ገጹን ዘግቶ ሊሄድ ሲል ደግሞ "ና እንጂ፣ ምን አስቸኮለህ?" የሚል ጽሑፍ ብቅ ይልበታል። በጣም ኮርቼበት ነበር።

ገዢ ሆኖ የቀረበልኝ ሙሀመድኑር የሚባል፣ እዚሁ አጠገባችን ካለው ከጨፋ የመጣ ልጅ ነው። አባቱ ገበሬ ናቸው፤ እሱ ዝምተኛ ነው፤ ከእኔ ጀርባ ይቀመጣል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። እንዲያውም ገዢዬ የመሆኑ ዕጣ የወጣው አብራኝ ለምትኖረው ለሙና ነበር፤ እንዴት እንደተቀያየሩ አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ፕሮጀክተሩ በርቶ ግድግዳው ላይ ክርክሩ ተጀመረ። ዋጋ አቀረበ፤ ሱቁ አይሆንም አለ። ጨመረ፤ ሱቁ ቀነሰ። ሊወጣ ሲል ጠራው፤ ተመለሰ። እንደገና ጨመረ፤ እንደገና አይሆንም። በመጨረሻ ልጁ ሱቁ ከጠየቀው በላይ ሰጠ፤ ሱቁ ግን አሁንም የሠሪዋን ድካም ያነሳበታል። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። አሰልጣኛችን አብዱልጀባር መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ልጄ ይህ ሱቅ መቼ ነው የሚሸጠው አሉኝ። ያኔ ገባኝ። እንዴት እንደሚከራከር ሁሉንም ጽፌ፣ እሺ የሚልበትን መስመር ረስቼዋለሁ።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አሰልጣኛችን አዝነውልኝ እስከ ማግስቱ ጊዜ ሰጡኝ። ሙሀመድኑር ብቻ አልሳቀም። ሲወጣ፣ አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ እኔ እንደሆን መከራከሩ ገና አልሰለቸኝም አለኝ።

አንቺ እሺ የምትይው መቼ እንደሆነ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክርክሩ ሲጠና ለማን ነው ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ለአራስ ነው፣ ለመስጊድ ነው፣ ለአዲስ ጎጆ ነው ካለሽ፣ በረካ ያድርግልህ ብለሽ በሰጠሽ ዋጋ ትለቂለታለሽ። በዚህ አባባ ሲቆጡሽ ስንቴ ሰምቻለሁ። ያንኑ ጻፍኩት፤ ሱቁ ለማን እንደሆነ ይጠይቅ፣ ገዢው ሲመልስ ይሽጥ።

ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ያው ሙሀመድኑር ተቀመጠ። ተከራከረ፣ ሊወጣ ሲል ተጠራ፣ ተመለሰ። ለማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ወደ እኔ ሳያይ መጻፍ ጀመረ። የጻፈው ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ወጣ። ለአዲስ ጎጆ ነው፣ የጎጆው እመቤት ሁለተኛውን ደረጃ እስክትጨርስ ግን ሰሌኑ ተጠቅልሎ ይቆይ ይላል። ሱቁ ወዲያው በረካ ያድርግልህ ብሎ ሸጠለት። ሙና እልልታዋን አቀለጠችው። አሰልጣኛችን የጠፋ ገመድ የሚፈልጉ መስለው ጠረጴዛ ሥር ገቡ። እኔ የምገባበት ጠረጴዛ አጣሁ።

አለፍኩ አክስቴ። ቃልሽ መሬት አልወደቀም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደስታዬ ከፊቴ አልጠፋም፤ ሙና ትስቅብኛለች። በማለፌ ነው እላታለሁ።

ሌላው፣ ሰኞ ለገበያ ከጨፋ ጥቂት ሽማግሌዎች ወደ ባቲ ይመጣሉ መሰለኝ። ረመዳን ሳይገባ የሚጨርሱት ጉዳይ አላቸው። በኦሮምኛ የአባባን ቤት ከጠየቁሽ አትደንግጪ፤ ይዘሻቸው ግቢና ከአባባ አጠገብ ተቀመጪ። ከብቱንም ልብሱንም ድግሱንም እንደ ልማድሽ ተከራከሪ፤ ቢቀነስ ቅር አይለኝም። አንድ ነገር ብቻ እንዳይቀነስ። ዱዓው ሳይደረግ በፊት፣ ትምህርቷን ሳትጨርስ አትወሰድም የሚለው ከራሳቸው አፍ፣ አባባ እየሰሙ ይውጣ። ልጁ ብሏል፤ ቤተሰቡ ግን ገና አላለም። ካላሉ፣ ብዙ ባለቅስም፣ ሻያቸውን ጠጥተው በሰላም ይሂዱ።

ካሉ ግን አክስቴ፣ እኔን መጠየቅ አያስፈልግም።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፣ ገበያሽን በረካ ያድርገው፣ ለአባባም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ዱዓሽ አይለየኝ።

አጠገብሽ ያደግሁት የወንድምሽ ልጅ