ከቢሮዎ በር ጀርባ ስለቆመው ሙሽራ

ለተከበሩ የእንስሳት መኖ ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ከነሙሉ ክብርዎ፣ ከነማኅተምዎ፣ ባሉበት፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበርዎስ ይመችዎታል? እኔ ከላሞቼ ጉበት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የፈጀሁት የአለቆችን ደብዳቤ በመተየብ ስለሆነ፣ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ፤ አክብሮት የጎደለው ቃል ካገኙ የጣቴ ስሕተት እንጂ የልቤ አይደለም። አሁን በቤቴ ጓሮ ሁለት ላሞች አረባለሁ። ይቅርታ፣ አረባ ነበር፤ የቀረችኝ አንድ ናት።

ቅሬታዬን በደንቡ መሠረት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሟቿ። ስሟ ታዛዥ ነበር። የቀረበላትን ሁሉ ሳታማርር የምትበላ፣ ቁሚ ሲሏት የምትቆም፣ እንደ እርስዎ ያሉ አለቆች ሁሉ የሚመኟት ዓይነት ፍጡር ነበረች። የእርስዎ ማኅተም ያረፈበትን የፋጉሎ መኖ ጆንያ ስከፍት ከላይ ያለው ወርቅ የመሰለ ነበር፤ ወደ ታች ስወርድ ግን ውሃ ነክቶት የተጓጎለና አረንጓዴ ሻጋታ የለበሰ ሆኖ አገኘሁት። ያን ጊዜ ታዛዥ ድርሻዋን ጨርሳለች። ማመስኳቷን ተወች፣ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያም እንደ ልማዷ ማንንም ሳታስቸግር ሞተች። የእንስሳት ሐኪሙ ከፍቶ ጉበቷን አሳየኝና የሻጋታ መርዝ ነው አለኝ። አልቅሼላታለሁ። ለላም ይለቀሳል ወይ የሚል ሰው ካለ፣ ላም አላረባም ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ላሜ ስሟ አኩራፊ ይባላል። እሷ መኖውን አንዴ አሸተተችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህንንም በማስረጃነት ጠቅሼ ለጽሕፈት ቤትዎ አመልክቼ ነበር። ላሟ መኖውን አለመብላቷ ከመኖው ጥራት ሳይሆን ከራሷ ጠባይ የመነጨ መሆኑን ስሟ ራሱ ይመሰክራል የሚል መልስ ስላገኘሁ፣ ጉዳዩን በጥልቀት ስለመረመሩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በዚሁ ስሌት ታዛዥ የሞተችው በታዛዥነቷ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ እንኳ ሙሉ በሙሉ እንስማማለን።

2ኛ. ስለ ሙሽራው። የሻገተውን ጓል በፌስታል ቋጥሬ ቢሮዎ ድረስ በመጣሁ ጊዜ ከበሩ ጀርባ አንድ ጆንያ ቆሞ አየሁ። አፉ በቀይ ክር የተሰፋ፣ አቧራው የተራገፈ፣ ደረቱን የነፋ ጆንያ ነው፤ የተላላኪዋ ጃንጥላ ተደግፎታል። ታሪኩን ኮሪደር ላይ የነገረችኝ ያቺው ተላላኪ ናት። ድሮ ተቆጣጣሪዎቻችሁ ወደ ፋብሪካው በሄዱ ቁጥር ከፎቅ ወርዶ የሚቀርብላቸው ይኸው አንዱ ጆንያ ነበር አሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ አጊጦ ስለሚወጣ ሠራተኞቹ ሙሽራው ይሉታል። ኋላ ግን ምልልሱ ነዳጅ ይፈጃል ተባለና ሙሽራው ራሱ ወደ ቢሮዎ ተዛወረ። እነሆ ዛሬ የአገሩ መኖ ሁሉ ከወንበር ሳይነሱ ይመረመራል። ይህን ያህል ቅልጥፍና እኔ በሥራ ዘመኔ አላየሁም።

ፌስታሌን ሳይመለከቱ ከነወንበርዎ ወደ ሙሽራው ተጠግተው፣ ቀዩን ክር ፈተው እጅዎን ሰደዱ፤ አንድ እፍኝ ዘግነው አሸተቱና፣ «እናቴ፣ ይሄ እንኳን ለላም ለሰውም ይሆናል» አሉኝ። እናቴ ስላሉኝ እግዜር ይስጥልኝ። ደግሞም እውነትዎን ነው፤ ሙሽራው እንከን አይወጣለትም። ላሜ የበላችው ግን ከሙሽራው አይደለም፤ ከሚዜዎቹ ነው።

3ኛ. ስለ ሞላሰሱ። እንደ እኔ ያሉ አስቸጋሪ ደንበኞች የመለሱት ጆንያ የት እንደሚደርስ አሳስቦኝ ነበር። ሐሳብ አይግባሽ ብሎ በፋብሪካው አጥር ቀዳዳ ያሳየኝ ጫጩት አርቢው ጎረቤቴ ነው። መኖው በፋብሪካው ግቢ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይነፋል፣ የስኳር ተረፈ ምርት በሆነው ጣፋጭ ሞላሰስ ይታሻል፣ በአዲስ ጆንያ ከነማኅተምዎ ወደ መሸጫው ይመለሳል። ሐኪሙ ግን ሻጋታው ይራገፋል እንጂ መርዙ አይራገፍም ይላል። ይህን የሰማሁት ከረፈደ ነው፤ አዲስ ነው ብዬ የገዛሁት ጆንያ ያው የድሮው ኖሯል፤ አኩራፊም በሞላሰሱ ተታልላ በላችው። ጣፋጭ ነገር ስንቱን አዋቂ አታልሏል፣ እሷ ላም ናት።

እዚህ ላይ ቀልዴን ለጥቂት መስመር ላቁም። መርዙ ወደ ወተቱም ያልፋል። የአኩራፊን ወተት ትጠጣ የነበረችው ገና ድክ ድክ የምትለው የልጅ ልጄ ናት። ፈርቻለሁ። በየጠዋቱ አልቤ መሬት ላይ እደፋዋለሁ፤ ልጅቷ ደግሞ ባዶ ኩባያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ወደ ቀልዴ እመለሳለሁ።

4ኛ. አራተኛ ቅሬታም ነበረኝ፤ በቢሮዎ ስላለው ወረፋ ነው። ነገር ግን ወረፋ ስጠብቅ ረሳሁት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ወደ መጋዘኑ ይላኩና ከታች ከተደረደሩት ጆንያዎች ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ሽያጩ ይቁም። ይህ ከወንበር መነሣትን የሚጠይቅ ከባድ ሥራ መሆኑ ስለሚገባኝ አስቀድሜ ወገብዎን ያጽናልዎ እላለሁ።

ለታዛዥ ላሳዩት ዝምታ፣ ለአኩራፊ ለሰጡት የጠባይ ምስክርነት፣ ለእኔም ለሰጡኝ የልጅ ፍቅር እያመሰገንኩ፣ ማኅተምዎ ቀለም እንዳይነጥፍበት፣ ሙሽራዎም እንዳይሻግትብዎ የዘወትር ምኞቴ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከአኩራፊ ወገን የሆነችው ጡረተኛዋ ታይፒስት

ማስታወሻ፦ ሐኪሙ ወተቱን አትጠጡ ብሏል፤ እርስዎ ደግሞ መኖው ለሰውም ይሆናል ብለዋል። ከሁለት የተማሩ ሰዎች ማንን እንደማምን ቸገረኝና፣ ባለፈው ሰኞ ከየትኛዋ ላም እንደታለበና ላሟ ምን እንደበላች በግልጽ ጽፌ አንድ ጠርሙስ ወተት ለቁርስዎ ልኬልዎ ነበር። ጠርሙሱ በዚያው ዕለት ሳይከፈት ተመለሰ፤ «ለጤና አስጊ በመሆኑ ጽሕፈት ቤቱ አይቀበልም» የሚል ባለማኅተም ወረቀትም ተያይዞበታል። በመሥሪያ ቤትዎ ታሪክ ከወንበር ሳይነሱ የተሰጠ የመጀመሪያው ትክክለኛ የምርመራ ውጤት ስለሆነ እንኳን ደስ ያለዎ። እንዲህ ያለ መልካም ሥራ ተሸፍኖ መቅረት የለበትም ብዬ ወረቀቱን በመኖ መሸጫው በር ላይ ለጠፍኩልዎ። ሌላ መሸጫ አጥቶ እስካሁን ከዚያው ይገዛ የነበረው ጫጩት አርቢው ጎረቤቴ ዛሬ ጠዋት ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ የተሸከመውን ጆንያ ወደ ውስጥ መልሶ ባዶ እጁን ወጣ።