«ከእጅ ሳይወጣ ይለይ»፦ የእትዬ ባልዲ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ለስንብት የቆምንላቸው እናት በባለቤታቸው አንደበት «አንቺዬ»፣ በሁለቱ ልጆቻቸው «እማ»፣ በአርባ ሁለት ቤት ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ደግሞ «እትዬ ባልዲ» ነበሩ። ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአትክልት ነጋዴ እናታቸው ጥር 3 ቀን 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ስለ ቆሻሻ የተለየ ሐሳብ እንዳልነበራቸው ታላቅ እህታቸው ይመሰክራሉ። እንዲያውም የብርቱካን ልጣጭ በአጥር ላይ ለጎረቤት ይወረውሩ ነበር።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታተሉ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ። አባታቸው ዓይናቸውን ሲታመሙ ግን ደብተራቸውን አጥፈው በ1962 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል የእጥበት ክፍል ተቀጠሩ። እንፋሎት ከጣሪያ በሚንጠባጠብበት በዚያ ክፍል ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርተዋል።

በ1966 ዓ.ም. ከአንሶላ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ መርፌ አውራ ጣታቸውን ወጋው። ጣቱ መግል ቋጥሮ ሊቆረጥ ለጥቂት ተረፈ። እሳቸውም ፋሻው ሳይፈታ ወደ ሕሙማን ክፍሎች ወጥተው በየበሩ ቆሙ። ደም የነካው በቀይ ከረጢት፣ ሌላው በነጭ፣ ያውም እዚያው አልጋው አጠገብ ተለይቶ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። ዋና ነርሷ «የአጣቢ ሥራ ማጠብ ነው» ቢሏቸው፣ «ማጠቡንስ እናጥባለን፤ ከተደባለቀ በኋላ መለየት ግን በጣታችን ነው የምንከፍለው። እህቴ፣ ከእጅሽ ሳይወጣ ይለይ!» አሉ። ይህን ዓመቱን ሙሉ ሳይታክቱ ደጋገሙት። በመጨረሻ ዋና ነርሷ እሳቸው ሲመጡ ከሩቅ አይተው «ተለይቷል፣ ተለይቷል፤ ተመለሺ!» ይሉ ጀመር።

የእጥበት ክፍሉን መደርደሪያ ሊጠግኑ የመጡት አናጢ ሦስት ቀን የሚበቃውን ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጁበት። ምክንያቱም በ1969 ዓ.ም. በጋብቻ ታወቀ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ አሳድገው፣ ለወግ ለማዕረግ አበቁ። በ1985 ዓ.ም. አሁን ወደሚታወቁበት ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ገብተው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኖሩ።

በ1999 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ለማረፍ አስበው ነበር። ነገር ግን ባለቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን የእንጨት ብናኝ የሳቡበት ደረታቸው ታመመ። ከሕንፃው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ደግሞ በሳምንቱ አጋማሽ ሞልቶ ይፈስሳል፤ መኪናው የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ የተረፈውን ዘበኛው ያቃጥለዋል። የላስቲኩ ጭስ ግድግዳውን ታክኮ ሁለተኛ ፎቅ ይገባል። ሐኪሙ ነገሩን ሳያድበሰብሱ «ወይ ቤት ቀይሩ፣ ወይ ጭሱን አስቁሙ። አለዚያ አንድ ዓመትም አልሰጣቸውም» አሉ። ቤት የሚቀይሩበት አቅም አልነበራቸውም። ስለዚህ እትዬ ዘበኛውን አናገሩ። ዘበኛውም «እትዬ፣ መኪናው ትቶልኝ የሄደውን ታዲያ ምን ላድርገው? ልብላው?» አላቸው። መልሱ አላስቆጣቸውም፤ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን ሐሳባቸውን ወስነው ነበር።

በነጋታው አርባ ሁለቱንም በር አንኳኩ። «የሚበሰብሰውን በአንድ ባልዲ፣ ደረቁን በሌላ» አሉ። የሦስተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሹፌር «እትዬ፣ ሚስቴን ከእናቷ ምክር መለየት ያቃተኝ ሰው የሙዝ ልጣጭ ከላስቲክ ልለይ?» ብለው ደረጃውን በሳቅ ሞሉት። ቢሆንም አብዛኛው ሰው ለአናጢው ደረት ሲል እሺ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቤቱ ተለየ። ከዚያ መኪናው መጣ። ጫኞቹ የተለየውን ሁሉ እያነሡ በአንድ ሆድ ውስጥ ገለበጡት። እትዬ የመኪናውን ሹፌር ለመኑት፤ እሱ ግን «እናቴ፣ እኔ የታዘዝኩት ጫን ነው፤ ለይ አልተባልኩም» አለ። በየበረንዳው የቆመው ጎረቤት ሳቀ። «እትዬ ባልዲ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ዕለት፣ ለፌዝ ነበር።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ግቢው መሐል ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሆስፒታል ሁለት ከረጢት ስንለይ ሁለት ማጠቢያ በርሜል ነበረን። እዚህ ግን የሚሄድበትን ሳልለይ ከረጢቱን ለየሁ። አሁን ለመኪናው የምንሰጠው ሌላ መድረሻ ያጣውን ብቻ ነው።»

ለደረቁ ደረጃ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አጸዱ። ወረቀት፣ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮና ፕላስቲክ ለየብቻ ተደረደረ፤ ቆራሌውም በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እንዲወስድ ቃል አስገቡት። ለሚበሰብሰው በአጥሩ ጥግ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ጉድጓዱ በመጀመሪያው ወር ገማ። ምድር ቤት የሚኖሩት አስተማሪ «ጭሱን ከሁለተኛ ፎቅ አውርደው ሽታውን ለኛ ሰጡን!» ብለው ፊርማ ማሰባሰብ ያዙ። ፊርማው አሥራ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። ሁለት ቢጨመርበት የግቢው እኩሌታ ስለሚሆን ጉድጓዱ ይደፈን ነበር፤ ጉድጓዱ ከተደፈነ ደግሞ ገንዳው ይሞላል፣ እሳቱም ይነሣል። ባለቤታቸው አልጋ ላይ ሆነው ይህን ሲሰሙ «ሰጋቱራ አልብሱት፤ እርጥበቱን ይጠጣዋል» አሉ፤ ወደ ቀድሞ ባልደረቦቻቸውም ላኩ። በየባልዲው ላይ አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ይነሰነስ ጀመር። እትዬ ራሳቸው ጧት ጧት ጉድጓዱን በመንሽ እያገላበጡ፣ ዘይትና አጥንት የጨመረውን ሰው በር አንኳኩተው እየመለሱለት ሰነበቱ። ሽታው በሳምንታት ውስጥ ጠፋ። አስተማሪውም ፊርማውን ቀደው ወረቀቱን ደረጃ ሥር ራሳቸው አስቀመጡት።

በዚያ ሰሞን ነበር ከሩቅ አገር ተምራ የተመለሰች የወንድማቸው ልጅ ልትጠይቃቸው የመጣችው። ነገሩን አይታ «አክስቴ፣ የአንድ ግቢ ባልዲ እኮ ዓለምን አያድንም» አለች። እሳቸውም ጓንታቸውን ሳያወልቁ «ልጄ፣ ዓለምን ማን አነሣ? እኔ የያዝኩት የባሌን ደረት ነው። ቆመሽ ከምትጠራጠሪ ሚዛኑን ያዢልኝ» አሉ። አንድ ወር ሙሉ አብረው መዘኑ። ቀድሞ ገንዳው ውስጥ ይገባ ከነበረው መቶ ኪሎ ውስጥ ሃምሳ አምስቱ ወደ ጉድጓድ፣ ሃያ ሁለቱ ወደ ቆራሌው ይሄዳል። ለመኪናው የሚቀረው ሃያ ሦስት ብቻ ነው። ጥርጣሬዋ ዛሬም ፈጽሞ አልለቀቃትም፤ ነፋስ በሚበረታበት ቀን የሌላ ሰፈር ጭስ አሁንም ይመጣልና። ቢሆንም በ2001 ዓ.ም. ክረምት ከሕንፃው ጀርባ የመጨረሻው እሳት ጠፋ፤ ከዚያ ወዲህ ገንዳው መኪናው እስኪመጣ ሞልቶ አያውቅም። ዘበኛውም የሚያቃጥለው ስላጣ፣ ከጉድጓዱ በወጣው ጥቁር አፈር በአጥሩ ሥር ሰላጣና ቀይ ሥር ተክሎ ለየቤቱ ያድል ጀመር። ስሙን ለፌዝ ያወጡት ሁሉ «የእትዬ ባልዲ ግቢ ነዋሪ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ሁለት አጎራባች ሕንፃዎችም ሰው ልከው አሠራሩን ተማሩ። እሳቸው ለተማሪዎቹ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት ግን የተሳሳቱትን ነበር፦ «ባልዲ ከመግዛታችሁ በፊት መድረሻውን ፈልጉ።»

እትዬ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንሶላቸውን የምትቀይረውን ወጣት ነርስ «የኔ ልጅ፣ በየትኛው ከረጢት ነው የምትከቺው?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ከረጢቱን ከፍ አድርጋ እስክታሳያቸው ትራሳቸው ላይ አልተመለሱም። የሕክምና ባለሙያዎች ብዙ ቢደክሙም ረቡዕ ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ተለዩ።

የግቢው ነዋሪዎች ትናንት ተሰብስበው ሥራው አንድም ቀን እንዳይቋረጥ ወስነዋል። የጉድጓዱን መንሽ የሦስተኛ ፎቁ ጡረተኛ ሹፌር ተረክበዋል። ሲረከቡም «ሚስቴንስ አሁንም አልለየሁም፤ ይኼኛውን ግን ችዬዋለሁ» ብለው፣ ሊስቁ ጀምረው አለቀሱ።

ከኋላቸው ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ታላቅ እህታቸውና ባለቤታቸው ቀርተዋል። ሐኪሙ አንድ ዓመት የነፈጓቸው እኒያ አናጢ፣ እነሆ በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ መኪና ቀርቦላቸው «አንቺዬን በእግሬ ነው የምሸኛት» ብለው፣ የሬሳ ሣጥኑን ተከትለው ከቤት እስከዚህ ድረስ አንዴም ሳይቆሙ መጥተዋል።

ለዚያ እስትንፋስ የደከሙትን እናት፣ የእስትንፋስ ሁሉ ባለቤት ነፍሳቸውን በጥሩ አየር ያሳርፍልን። ለእኛም ጽናታቸውን ይስጠን።