ለሁለት ሰው የሚሆን ፍራሽ

ሰኞ

ዛሬም ደምሴ በላብ ርሶ ነው ያደረው። አንሶላውን ስገፍፈው እርጥበቱ ጥጡ ውስጥ ዘልቋል። ፍራሽ የሚደርቅበት ፀሐይ የለም፤ እዚህ ሚዛን ከተማ ዝናቡ ጠዋት ይጀምርና ከሰዓት ይደግማል። በካውያ ሞከርኩት። ሽታው ተነሳ እንጂ አልደረቀም።

ይህን የጥጥ ፍራሽ ያሠራነው ስንጋባ ነው። ጥጡ ሲጠቀጠቅ አስነድፈነዋል፣ ጨርቁ ሲያልቅ ቀይረንለታል። አሁን መሃሉ ጎድጉዷል። ሁለት ሰው ሲተኛበት ሁለቱም ወደ መሃል ይንሸራተታሉ። ጤነኛ ሳለን ይህ ችግር አልነበረም።

ደምሴ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ግን ችግር ሆነ። ሐኪሙ ስለ ጉበቱ ብዙ ካስረዳን በኋላ «ቤቱ ይሁን፤ ያሰኘውን ይብላ» ብሎ ሸኘን። ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ሌሊቱን እሳት ሆኖ ያድራል። እኔ አጠገቡ ስተኛ በሙቀቱ ላይ ሙቀት እጨምርበታለሁ፤ እየተንሸራተትኩም እጫነዋለሁ። ስለዚህ ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ቀጭን ስፖንጅ አንጥፌ መተኛት ጀመርኩ።

ዛሬ ጠዋት ትራሱን ሳስተካክልለት፣ «ሙሉ፣ አንቺ እንደ እንግዳ ወለል ላይ ተኝተሽ እኔ አልጋ ላይ ብቻዬን መሞት አልፈልግም» አለኝ። ድምፁ ተራ ነበር፤ ሹፌር ሳለ ረዳቱን ጎማው ይቀየር የሚል ይመስላል።

አንሶላውን ዘፈዘፍኩ። እየዘፈዘፍኩ ወሰንኩ፤ ፍራሽ እገዛለሁ። ለሁለታችንም የሚሆን።

እንዳይጠፋብኝ ልጻፈው።

እሱ፦ በጎኑ ነው የሚተኛው፣ ጉልበቱን አጥፎ። ከቴፒ ጅማ ቡና ሲያመላልስ ጋቢና ውስጥ የለመደው ነው። ከስቶ የዳሌው አጥንት ወጥቷል። ጠንካራ ፍራሽ ያቆስለዋል።

እኔ፦ በጀርባዬ፣ ቀጥ ብዬ። («እንደ ማስመሪያ» ይለኛል።) ዕድሜዬን ሰሌዳ ፊት ቆሜ የኖርኩበት ወገብ ለስላሳ ነገር አይችልም።

ለሁለታችን፦ ሙቀት የማይዝ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን የማያናውጥ።

ሁለቱ ጥያቄዎች የሚጋጩ ይመስላሉ። የሚጋጩ የሚመስሉ ጥያቄዎች ግን ብዙ ጊዜ የጋራ መልስ አላቸው። ለተማሪዎቼ እንዲህ እላቸው ነበር።

ማክሰኞ

ዘነበችን ደምሴ ጋር አስቀምጬ ወደ ሸምሱ ሱቅ ወጣሁ። ዘነበች አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፤ ልቧ ደግ፣ ድምፅዋ ትልቅ። እሷ ባለችበት ደምሴ ዝም ብሎ አይውልም፤ ሲከራከሩ ይውላሉ።

ሸምሱን ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። አሁን ፍራሽና ምንጣፍ ይሸጣል። ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሊፈትኑኝ ነው?» አለ። የመጣሁበትን ነገርኩት። ጠንካራ ነው ለስላሳ የሚፈልጉት ሲለኝ፣ ተኝቼ ካላየሁ አልመልስም አልኩት። ጫማዬን አወለቅኩ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ምንጣፍ የሚያማርጡ ሴቶች ግን ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ጠንካራው ላይ በጀርባዬ ተኛሁ። እጄን በወገቤ ሥር ባሳልፈው የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ ወገቤ አየር ላይ ነው ማለት ነው። እንደ ደምሴ ጉልበቴን አጥፌ በጎኔ ዞርኩ። ትከሻዬና ዳሌዬ ወዲያው አመሙኝ። እኔ ሥጋ አለኝ፤ እሱ የለውም። ለስላሳው ላይ ደግሞ ዳሌዬ ሰመጠ፣ ወገቤ ታጠፈ፣ ለመነሳት ሸምሱን መጥራት ነበር የቀረኝ። መዳፌን ጫን አድርጌ አቆይቼ ሳነሳ ቦታው እንደሞቀ ቀረ። ይህማ ያው የጥጡ ፍራሽ ነው።

መካከለኛ የለህም ወይ አልኩት። ቴፒ፣ ወንድሙ ሱቅ እንዳለ ነገረኝ፤ አየር እንዲያልፍበት የተበሳሳ፣ ሽፋኑም ሲነኩት ቀዝቀዝ የሚል። ሳላየው አልገዛም አልኩ። ሸምሱ ራሱን እያከከ፣ «ያላዩትን ወረቀት እንደማያርሙማ አውቃለሁ» አለ። ቁራጭ ናሙና በነገው መኪና ያስመጣልኛል።

ስመለስ ዘነበችና ደምሴ ማን ቀድሞ እንደሚሞት እየተከራከሩ ነበር። እሷ ደም ግፊቷን ትቆጥራለች፤ እሱ ተራዋን እንድትጠብቅ ይነግራታል።

«ለማንኛውም ጋሼ» አለችው፣ «እንዴት አድርጌ እንደማለቅስልዎት አይሰሙትም እንጂ!»

«ያ ነው የሚቆጨኝ» አላት።

ረቡዕ

ናሙናው መጣ። የመማሪያ መጽሐፍ ያህላል። ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በጡጫዬ ተጫንኩት፤ ገባ፣ ሳይቸኩልም ሳይዘገይም ተመለሰ። መዳፌን አሳርፌ አነሳሁ። ሙቀቱ ወዲያው ለቀቀው።

ከዚያ በደምሴ ዳሌ ሥር አደረግኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። አያምም አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «አንቺስ ሞከርሽው?» አለኝ። ዋናው የሱ ጎን ነው አልኩት።

«ለኔ ብለሽ አትምረጪ» አለ። «እኔ ጥቂት ነው የምተኛበት። ከዚያ በኋላ የአንቺ ነው። ወገብሽን አስቢ።»

ሁለት ጥያቄ ያለው ፈተና አንዱን ብቻ በመመለስ አይታለፍም አልኩት። ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ። ውሃ አጠጣሁትና ናሙናውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። በሩን ዘግቼ ፊቴን ናሙናው ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። እንባውን ወዲያው ዋጠው፤ እሳቱ አጠገብ ትቼው ስመለስ ደርቆ አገኘሁት። እርጥበት አይዝም። ይህንንም ከመልካም ጎኖቹ ጻፍኩለት።

ከሰዓት ወለሉ ላይ ተጋድሜ ናሙናውን በወገቤ ሥር አድርጌ ሞከርኩ። እጄ ሊያልፍ ሲል ያዝ ያደርገዋል። ለእኔም ይሆናል። ሸምሱ ጋ ደውዬ ይምጣልኝ አልኩት።

ሐሙስ

ምን ብዬ ልጀምር።

ፍራሹ ከቴፒ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ። ከመናኸሪያው በባጃጅ፣ ግማሹ ውጭ ተንጠልጥሎ። ሸምሱ አደራ ያለኝ፣ አዲስ ስፖንጅ ሽታ ስላለው አንድ ቀን ክፍት ቦታ ላይ ተዘርግቶ ይናፈስ ብሎ ነው። ውጭ ዝናብ ነው። የደምሴ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሽታውም ያስለዋል። የቀረው ሳሎኑ ነው።

እንደ ታዘዝኩት አደረግኩ። ወንበሮቹን በረንዳ ላይ አወጣሁ፣ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠጋሁ። ፍራሹን ወለሉ መሃል ላይ ዘረጋሁት። አየር እንዲያልፍ መስኮቱንና የፊት በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ደምሴ በውስጠኛው ክፍል እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ነበር። እኔ በጓሮ በኩል፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ አንሶላ ማጠብ ጀመርኩ።

ለቅሶውን የሰማሁት ከዚያ ነው። «ጋሼ! ጋሼዬን! ወንድሜን!» የዘነበች ድምፅ። ከሳሎኔ።

እጄ ሳሙና እንደያዘ ሮጥኩ። ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፦ እኔ ራሴ አመንኩ። እኔ ልብስ ሳጥብ እሱ አርፎ፣ ዘነበች ቀድማኝ አግኝታው መሰለኝ። ወደ ሳሎኑ ስገባ የማየው ሁሉ ይህንኑ ይነግረኛል። ወንበር የለም። በሩ ተከፍቷል። ወለሉ ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን ትመታለች። ከኋላዋ ሁለት ጎረቤቶች እያለቀሱ ደርሰዋል። የእድራችን ሰብሳቢም ዣንጥላውን እንደያዘ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ድንኳኑ የት ይተከል እንደሆነ በሐዘን ድምፅ ጠየቀኝ።

በዚህ አገር እንደዚያ የተሰናዳ ሳሎን ሌላ ምን ተብሎ ይነበባል? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ የራሴን መልሼ አላነበብኩትም።

ከውስጠኛው ክፍል ደምሴ ድምፁን አሰማ። «ሙሉ፣ ማነው የሞተው?»

ከዚያ፣ መልስ ሳይጠብቅ፣ ራሱ ገባው መሰለኝ። «ዘነበች ናት?» አለ። «ነይ ግቢ።»

ዘነበች እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። እየጎተትኩ አስገባኋት። ደምሴ በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሎ ነበር። ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ቀና ብሎ አላየሁትም። ነጠላዋን አየና፣ «ጀምረሽ አትተዪ እንጂ» አላት። «የቀረውን ጨርሺውና ልስማው። አልሰማም ብለሽኝ አልነበር?»

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣባት። አልቻለችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ጣሪያውን አየ። «ደህና ታለቅሳለች» አለኝ ቀስ ብሎ። «ካሰብኩት ይሻላል።»

የመጡትን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘሁ። የእድሩ ሰብሳቢ እግዚአብሔር ይመስገን እያለ፣ ግን ትንሽ ተቀይሞ ሄደ። ደምሴ ፍራሹን ማየት ፈለገ። ሽታው አለቀቀም ብለውም እንቢ አለ። እኔና ዘነበች ደግፈን አወጣነው። ወለሉ ላይ፣ ፍራሹ ላይ፣ በጎኑ ጉልበቱን አጥፎ ተጋደመ። በሩ እንደተከፈተ ዝናቡን እያየ እንቅልፍ ወሰደው። ዘነበችና እኔ በሁለቱ ወገን ተቀመጥን። ሐዘንተኛ እንደሚቀመጠው ነበር የተቀመጥነው።

ዓርብ

ሽታው ለቋል። ፍራሹን አልጋው ላይ አወጣነው። አሮጌውን ጠቅልዬ በሩ አጠገብ ሳቆም ደምሴ ለማን ልትሰጪው ነው አለኝ። ማን ይወስደዋል፤ ይጣላል አልኩት።

«አትጣዪው። ለዚያ ቀን እሱን አንጥፊ። ይኼኛውን ወለል ላይ እንዳታወርጂብኝ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ አንቺ የምትተኚበት ንጹሕ ይሁን።»

እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን ሲያነሳ ወሬ እቀይርበት ነበር። ሾርባ ላምጣልህ እላለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ። ዛሬ እሺ አልኩት። እሺ ስል ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ረገበ። ይህን ያህል ጊዜ የጠበቀው ያንን ቃል ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ፍራሽ የፈለገ መስሎኝ።

ቀጭኗን ስፖንጅ ከወለሉ አነሳኋት። ዛሬ አልጋው ላይ ነኝ።

ቅዳሜ

ሊነጋ ሲል ነቃሁ። እጄን ወደሱ ሰደድኩ። አንሶላው ቀዝቃዛ ነው።

ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። ወለል ላይ ተኝቼ እንኳ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ፍራሹን እዳስስ ነበር፤ ሲሞቅ አለ ማለት ነው፣ ተመልሼ እተኛለሁ። አሁን ቀዘቀዘ። ሱቅ ሄጄ፣ ጫማ አውልቄ፣ መዳፌን እያሳረፍኩ የመረጥኩት ቅዝቃዜ መሆኑ ትዝ አላለኝም። ጀርባውን አገኘሁት። ደረቅ ነው። እጄን እዚያው አቆየሁ። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ጀርባው በትንፋሽ ከፍ አለ።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለ።

ምንም፣ ብርድ ልብሱን ላስተካክል ነው አልኩት።

አንሶላው ሳይቀየር ዋለ። ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ሙዝ በላ፤ ግማሹን።

እሑድ

ፀሐይ ወጣች። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ አሮጌውን ፍራሽ አውጥቼ አጥሩ ላይ ሰቀልኩት፣ በዱላ መምታት ጀመርኩ። ዘነበች ድምፁን ሰምታ ከወዲያ በኩል ብቅ አለች። ያለቀለትን ፍራሽ ምን ትደክሚበታለሽ እንድትለኝ ጠበቅኩ። ፍራሹን አየች፣ እኔን አየች። ከሐሙስ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ማንበብ ታውቅበታለች። ዱላ ይዛ በአጥሩ ማዶ ቆመችና በሷ በኩል መታች። ያቺ ባለ ትልቅ ድምፅ ሴት አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ከሰዓት ሲደርቅ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ቁም ሣጥኑ ላይ አወጣሁት። ደምሴ ከአልጋው ሆኖ ስሠራ አየኝ። ራሱን ነቀነቀ፤ ጎበዝ እንደማለት።

አሁን ተኝቷል። በጎኑ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። እኔ በጀርባዬ ሆኜ ይህን እጽፋለሁ። ወገቤ ደህና ነው። እሱ ሲንቀሳቀስ አያናውጠኝም። ሰኞ የጻፍኩትን ሁሉ አሟልቷል።

አንድ ያልጻፍኩት ነበር። ይህ ፍራሽ መሃሉ አይጎደጉድም። ማንም ወደ ማንም አይንሸራተትበትም። መጠጋት የፈለገ ራሱ መጠጋት አለበት።

ደብተሩን ዘግቼ ልጠጋ ነው። ቢሞቀውም ይታገሰኝ።